በጉድጓድ ውስጥ ስለሚጠራቀም መርዘኛ አየር

በዚህ ወርሃዊ ጽሑፋችን ስለ ሽንት ቤት አቆፋፈር፥ ስለ ዝንብና ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና ደጋግመን ስንጽፍ ቆይተናል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ሽንት ቤት እንዲኖረው፥ ጉድጓዱም ሲሞላ በጊዜው እንዲጠረግ መክረናል። እንግዲህ ቆፍሩና ጥረጉ ብሎ የሚመክር ሰው፥ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደውን ሠራተኛ ሕይወትም ማሰብ ግዴታው ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ሠራተኛው ከታች ስለሚጠብቀው አየር ለመግለጽ አሳብ አለን።

ጉድጓድ ስንል የሽንት ቤቱን ብቻ ማለታችን አይደለም። የውሃ ጉድጓድ፥ የእህል ጉድጓድ፥ ከመንገድ በታች የተዘረጋ የፍሳሽ ቦይ፥ የብረት የውሃ ማጠራቀሚያ፥ የነዳጅ ቦቴ፥ በቢራና በስኳር ፋብሪካ የሚገኙ ታላላቅ ጋኖች ሁሉ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። አፋቸው ጠባብ፥ ሆዳቸው ሰፊ ነው፤ አየር እንደ ልብ አይገባባቸውም፥ አይወጣባቸውምም። ሰው እንዲኖርባቸው አልተሠሩም፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ሰው ይገባባቸዋል።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ፥ ጉድጓዱ ጋኔን አለበት፥ ቦታውም የተለከፈ ነው የሚል ወሬ ይነሣል። እኛ ይህን የሚያወሩትን ሰዎች ለመንቀፍ አንፈልግም። አንድ ጤነኛ ጐልማሳ እየተጫወተ ወርዶ፥ በሁለት ትንፋሽ ውስጥ ዝም ሲል ያየ ሰው፥ ዓይን የማያየው ጠላት አለ ብሎ ቢያስብ አልተሳሳተም። ጠላቱ በእርግጥ አለ፥ አይታይምም። ነገር ግን ስም አለው፥ ክብደቱ ይመዘናል፥ መጠኑም ይለካል፤ የሚለካ ጠላት ደግሞ የሚጠበቁት ጠላት ነው።

ይህን ነገር የሠራተኛ በሽታ አድርጎ አስቀድሞ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በኢጣሊያ አገር በሞዴና ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዘመናትን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን።) ራማዚኒ በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ የታወቀ መጽሐፉን አሳተመ። ለዚህ ሥራ ያነሣሣው የገዛ ቤቱን የሽንት ቤት ጉድጓድ ይጠርግ የነበረ አንድ ድኻ ሠራተኛ ነው። ሰውየው እጅግ እየተጣደፈ ሲሠራ ሐኪሙ አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቀው፥ በዚያ ቦታ ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት ዓይንን ማጣት መሆኑን ነገረው። ራማዚኒም የጠራጊዎቹን ዓይን እየመረመረ ቀልቶና ፈዝዞ አገኘው፤ በኪሳቸው የያዙት የመዳብ ገንዘብም ይጠቁር እንደ ነበረ ጻፈ። መዳቡን ያጠቆረው ነገር ምን እንደ ሆነ በዚያ ዘመን አልታወቀም። በ1785 ዓ.ም. ደግሞ ዣን ኖኤል አሌ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ ፓሪስ የሽንት ቤት ጉድጓዶች አየር ያደረገውን ምርመራ አሳተመ። የፓሪስ ጠራጊዎች በጉድጓድ ውስጥ የሚደርሰውን ድንገተኛ መታፈን በቋንቋቸው «እርሳስ» ይሉት ነበር፤ ደረት ላይ ለሚወድቅ ነገር የከባድ ብረት ስም መስጠታቸው አያስደንቅም።

ያ መዳቡን ያጠቆረው ነገር ዛሬ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተብሎ ይጠራል። ድኝ ያለበት ጋዝ ነው። ሠገራና ሌላም ቆሻሻ አየር በሌለበት ሲበሰብስ፥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ይሠሩታል። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው፤ ከአየርም ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰፍራል። ይህን ጋዝ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አታላይ የሚያደርገው ግን ራሱ ሽታው ነው። ነገሩን በቁጥር እንግለጸው። አየሩን አንድ ሚሊዮን እኩል እጅ አድርገን ብንከፍለው፥ ከዚያ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቢሆን የብዙ ሰው አፍንጫ ይለየዋል። 100 እጅ ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫ ይደነዝዝና ማሽተቱን ይተዋል። ሠራተኛውም «ሽታው ቀለለ፥ አየሩ ተሻለ» ብሎ ይደሰታል፤ የተሻለው ግን አየሩ አይደለም፥ የጠፋው አፍንጫው ነው። ከ500 እስከ 700 እጅ ሲሆን ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። 1,000 እጅና ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ወይም ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ከሚሊዮን 1,000 እጅ ማለት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የአንዱ እጅ አሥረኛ ነው። ጋዙ በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብቶ፥ የሰውነት ሕዋሳት በኦክሲጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳቸዋል፤ በአእምሮ ውስጥ መተንፈስን የሚያዘውም ክፍል ሥራውን ያቆማል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ዝቃጩ ሳይነካ ተኝቶ ሳለ ጋዙን በሆዱ ይዞ ይቆያል። ሠራተኛው በአካፋ ሲያማስለው ወይም በእግሩ ሲረግጠው፥ ታፍኖ የነበረው ጋዝ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ ሰውየው ከገባ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ደኅና መሆኑ፥ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ጉድጓዱን ለማጽዳት ብለው ከላይ አሲድ የሚያፈሱ ሰዎችም አሉ፤ አሲድ ከዝቃጩ ጋር ሲገናኝ ይህንኑ ጋዝ በብዛት ያስወጣል። ነገራችን ወደ ቤት ውስጥ ከገባ አይቀር፥ በረኪናን ከአሲድ ጋር መደባለቅ ክሎሪን የሚባለውን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ እንደሚፈጥር የቤት እመቤቶች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል፤ ሁለቱን እየደባለቁ በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ መፈግፈግ በጉድጓድ ውስጥ ከመውረድ ብዙ አይለይም።

ሁለተኛው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአፋችን የሚወጣው እርሱ ነው፥ ጠላና ጠጅ በጋን ውስጥ ሲብላላ የሚያንተከትከውም እርሱ ነው። በተራ አየር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ሩቡን እንኳ አያህልም። ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፥ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈስሳል፥ በጉድጓድም ይጠራቀማል። በኢጣሊያ በናፖሊ አጠገብ «የውሻ ዋሻ» የሚባል ስፍራ አለ፤ ከመሬቱ የሚወጣው ይህ ጋዝ ከወለሉ ከፍ ሳይል ስለሚተኛ፥ ቆሞ የገባ ሰው ምንም ሳይሆን አብሮት የገባ ውሻ ተዝለፍልፎ ይወድቅ ነበር። ጐብኚዎችም ይህን ለማየት ገንዘብ ይከፍሉ እንደ ነበረ ስናነብ ለውሾቹ አዝነናል። በካሜሩን አገር በኒዮስ ሐይቅ ደግሞ በኦገስት ወር 1986 ዓ.ም. በሐይቁ ጥልቅ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባንድ ሌሊት ወጥቶ፥ ሸለቆ ለሸለቆ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እየፈሰሰ 1,700 ያህል ሰዎችን ከነከብቶቻቸው ገደለ። ይህ ሁሉ የሆነው ከሰማይ በታች በሜዳ ላይ ነው፤ በአራት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንባቢው ራሱ ይገምት።

በአገራችን ይህ ጋዝ ሰው ሊያገኝ የሚችልበት አንዱ ስፍራ የእህል ጉድጓድ ነው። በሐረርጌ ገበሬዎች ማሽላቸውን በምድር ውስጥ ቆፍረው የማኖር የቆየ ልማድ አላቸው። እህል ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ሲነካው ሻጋታው፥ ሲውል ሲያድር ነቀዙም አብሮት ይተነፍሳል። የጉድጓዱ አፍ ተከድኖ ሲቆይ ኦክሲጅኑ እያነሰ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየበዛ ይሄዳል። ይህ ለእህሉ መልካም ነው፤ ነቀዙ እንዳይራባ የሚያደርገው ያው የታፈነ አየር ነውና። ነገር ግን ነቀዙን የማይምር አየር ባለቤቱንም አይምርም። ጉድጓዱ በተከፈተ ሰዓት ልጅን በገመድ አስሮ ማውረድ፥ ቀለል ያለ ሰው ይውረድ በሚል አሳብ ቢደረግም፥ ልጁን ለዚህ አየር አሳልፎ መስጠት ነው።

መምህራን ይህን ጋዝ ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያሳዩዋቸው ይችላሉ። በአንድ ጥልቅ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ አንድ አጭርና አንድ ረዥም ሻማ ለኩሶ ማቆም ነው። ከዚያ በዕቃው ወለል ላይ ቤኪንግ ሶዳ በትኖ፥ በጠርዙ በኩል ቀስ አድርጎ አቼቶ ማፍሰስ ነው። የሚፈላው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ አስቀድሞ የሚጠፋውም አጭሩ ሻማ ነው። ጋዙ ከታች ወደ ላይ እየሞላ እንደሚሄድ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ይህንኑ ያሳዩን መምህር ምንም ቃል ሳይጨምሩ ወደ መቀመጫቸው ተመልሰው ነበር፤ ማብራሪያም አላስፈለገም።

ሦስተኛው ነገር ጋዝ አይደለም፥ የጋዝ እጦት ነው። በደኅና አየር ውስጥ ከመቶ 21 እጅ ያህል ኦክሲጅን አለ። 16 ሲደርስ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፥ ማሰቡም ይዛባል፤ ከ10 በታች ሲሆን ራሱን ይስታል፤ ከ6 በታች ሲሆን ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል። ኦክሲጅን በብዙ መንገድ ይጠፋል። ቆሻሻ ሲበሰብስ ይበላዋል፤ እህል ይተነፍሰዋል፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ዝገት መሆኑ ነው። ብረት ሲዝግ ኦክሲጅንን ከአየር ወስዶ ከራሱ ጋር ያዋህዳል። ስለዚህ ለወራት ተዘግቶ የቆየ፥ ንጹሕ ውሃ ብቻ የነበረበት የብረት ማጠራቀሚያ፥ ሽታ ሳይኖረው፥ ቆሻሻ ሳይኖርበት፥ ሰው ሊገድል ይችላል።

«ትንፋሼን ይዤ ደርሼ እመለሳለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው በሳንባው የቀረውን ኦክሲጅን እየቈጠበ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ከታች ከደረሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ሲያነሣ ሳይወድ በግድ ይተነፍሳል። ኦክሲጅን የሌለውን አየር የተነፈሰ ሰው ደግሞ ምንም ካልተነፈሰ ሰው የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ በደሙ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን አጥቦ ያወጣበታልና። የመታፈን ስሜትም አይመጣለትም። ታፈንኩ የሚያሰኘን በሰውነታችን ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት እንጂ የኦክሲጅን ማነስ አይደለምና። ሰውየው ምንም ሳይጨነቅ፥ «አውጡኝ» ሳይል፥ ጉልበቱ ይከዳዋል።

እዚህ ላይ ከጥንት ጀምሮ ስለሚሠራበት የመብራት ፈተና ማንሣት ተገቢ ነው። ብዙ ቆፋሪዎች ኩራዝ ወይም ሻማ በገመድ አስረው ያወርዳሉ፤ ከጠፋ አይገቡም፥ ካልጠፋ ይገባሉ። ይህ ልማድ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት በመሆኑም ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያሰጋናል። የሻማ ነበልባል የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ወደ 16 ወይም 17 እጅ ሲወርድ ስለ ሆነ፥ ሻማው ከጠፋ ፈጽሞ አለመግባት ትክክል ነው። ሻማው ሳይጠፋ ሲቀር ግን ምን ያስረዳል? ኦክሲጅን መኖሩን ብቻ ነው። ሰውን በሁለት ትንፋሽ የሚጥለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሻማው አያውቀውም፤ እያበራ ይቀጥላል። ካርቦን ሞኖክሳይድንም አያውቅም። በዚህ ላይ በሽንት ቤትና በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ሚቴን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚኖር፥ ከአየሩ ውስጥ ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ በሆነበት ጊዜ ሻማው ጉድጓዱን እንደ ፈንጂ ያፈነዳዋል። ሚቴን ከአየር የቀለለ በመሆኑ ወደ አፉ ስለሚወጣ፥ በጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ሲጋራ ማጨስም የዚያው ዓይነት ድፍረት ነው። ከሻማ ይልቅ ትንሽ እንስሳ ማውረድ የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን በማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን ለማወቅ ትናንሽ እንስሳት እንዲያዙ መክረው፥ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ካናሪ የምትባለውን ወፍ በቀፎ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ ይህም በእንግሊዝ አገር የቀረው በ1986 ዓ.ም. የመለኪያ መሣሪያ በወፏ ቦታ ሲተካ ነው። ወፏ ትንፋሿ ፈጣን ስለ ሆነ ከሰው ቀድማ ትወድቃለች፤ ነገር ግን ዝቃጭ በሚማስልበት ጉድጓድ ውስጥ በወፏና በሰውየው መውደቅ መካከል ያለው ጊዜ ሰውን ለማውጣት አይበቃም። ዶሮ በገመድ ማውረድም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዶሮዋ ደኅና ወጣች ማለት ዶሮዋ ወርዳ በነበረበት ሰዓት፥ ማንም ዝቃጩን ሳይነካ፥ አየሩ አልገደላትም ማለት ብቻ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድን በስም አነሣን። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰል፥ እንጨትና ቤንዚን በሚገባ ሳይነዱ ሲቀሩ ይፈጠራል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ተሸክሞ የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ደሙ ተጭኖ ይመላለሳል፥ ጭነቱ ግን ሌላ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ስለሚያስከትለው ሞት አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በውሃ ጉድጓድ ላይ ግን ይኸው አደጋ በሌላ መልክ ይመጣል። ቆፋሪዎች ውሃ ሲያስቸግራቸው የቤንዚን ሞተር ፓምፕ ያመጣሉ፤ ማስቀመጫው ሩቅ ሲሆንባቸው ሞተሩን ጉድጓዱ ውስጥ አውርደው፥ ወይም አፉ ላይ አስቀምጠው ያስነሡታል። የሞተሩ ጢስ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ሞተሩ ከቆመ በኋላም ጋዙ አይጠፋም፤ ውሃው ደረቀ ብሎ የወረደው ሰው አይመለስም። ድንጋይ በፈንጂ ከተሰበረም በኋላ እንዲሁ ነው።

እስካሁን የተናገርነው አንዱን ሰው ስለሚገድለው ነገር ነው። አሁን ግን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳዝነን ክፍል እንመጣለን። በለንደን ከተማ ፖስትማንስ ፓርክ በሚባል ትንሽ መናፈሻ ውስጥ፥ ሌሎችን ለማዳን ሲሉ ሕይወታቸውን የሰጡ ተራ ሰዎች ስም በሸክላ ሰሌዳ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይታያል። ከሰሌዳዎቹ አንዱ በኢስት ሃም የፍሳሽ ማውጫ ጣቢያ ጁላይ 1 ቀን 1895 ዓ.ም. አንድ ባልንጀራቸውን ለማዳን ሲጥሩ የሞቱ የአራት ሰዎች ስም ይዟል። አንድ ሰው ወደቀ፥ አራቱ ተከትለውት ሞቱ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1986 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ እንደዚህ ባለው የተዘጋ ስፍራ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶው ከ60 የሚበልጡት የወደቀውን ለማዳን የገቡት መሆናቸውን ገልጿል። ጋዙ ከገደለው ይልቅ ፍቅር ያስገባው በለጠ ማለት ነው።

በእኛም አገር ጠባያችን ለዚህ አደጋ የተመቸ ነው። ኡኡ ሲባል ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ወንድም ወንድሙን፥ አባት ልጁን ከታች ወድቆ ሲያይ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ መመልከት ለወንድ ልጅ ነውር መስሎ ይታያል። ሮጦ የደረሰው ሰው ትንፋሹ ስለሚፈጥን አስቀድሞ ከወረደው ሰው ይልቅ ብዙ ጋዝ ይስባል። ከታች የሚያገኘውም እንደ ጆንያ የተዘለፈለፈ ሰው ነው፤ በጠባብ ስፍራ ብቻውን ሊያነሣው አይችልም። እንግዲህ ከላይ ቆሞ «ማንም እንዳይወርድ» ብሎ የሚጮኸውን፥ ሊወርድ የተነሣውንም ወገቡን ይዞ የሚያስቀረውን ሰው ፈሪ ብሎ መስደብ አይገባም። በዚያ ሰዓት በአካባቢው ካሉት ሁሉ ልባሙ እርሱ ነው።

ስለ መከላከያው እንናገር። የመጀመሪያው መከላከያ አለመግባት ነው። በከተማ የሽንት ቤት ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና ሊወጣ ሲችል ሰው በባልዲና በአካፋ እንዲወርድ ማድረግ፥ ዋጋው ቢቀንስም፥ እኛ የማንስማማበት ነገር ነው። የህንድ አገር መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ሰው ያለ መከላከያ ወደ ፍሳሽ ቦይና ጉድጓድ ገብቶ እንዲጠርግ ማሠራትን ከልክሏል፤ ይሁን እንጂ ከሕጉ በኋላም በዚያ አገር ጠራጊዎች ሞተዋል፤ ሕግ ብቻውን ጉድጓድ አይከድንምና። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። አስቸጋሪው ግን ሥራው የሚሠራው በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በየግቢው፥ በአንድ ቀን ውል መሆኑ ነው። የቤቱ ባለቤት በቁርጥ ዋጋ ይስማማል፤ ሠራተኛው ቶሎ ጨርሶ ወደ ሌላ ሥራ ለመሄድ ይቸኩላል፤ ገመድም፥ ረዳትም ይቀራል።

ሰው የግድ መግባት ካለበት፥ አየሩ አስቀድሞ በመሣሪያ መለካት አለበት። ኦክሲጅንን፥ የሚቀጣጠል ጋዝን፥ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ባንድነት የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ጋዞቹ እንደ ክብደታቸው በደረጃ ስለሚቀመጡ፥ በአፉ አጠገብ፥ በመካከልና በወለሉ ላይ ለየብቻ ይለካል፤ ሰውየውም ከገባ በኋላ መሣሪያው ከላዩ አይወርድም። ኦክሲጅኑ ከ19.5 እጅ በታች ከሆነ፥ ወይም ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ከሚሊዮን 10 እጅ ከደረሰ አይገባም። ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ብቻውን አይበቃም፤ የከበደው ጋዝ በራሱ ተነሥቶ አይወጣም። በማራገቢያ ንጹሕ አየር በሰፊ ቱቦ እስከ ወለሉ ድረስ መንፋት ያስፈልጋል፤ ማራገቢያው አየር የሚስብበትም ቦታ ከሞተር ጢስ የራቀ ይሁን። አየሩን ለማሻሻል ብሎ ከብየዳ ቤት የኦክሲጅን ጠርሙስ አምጥቶ መልቀቅ ግን ከባድ አደጋ ነው፤ ኦክሲጅን በበዛበት አንዲት የእሳት ፍንጣሪ የሰውየውን ልብስ እንደ ችቦ ታነደዋለች። አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን፥ ሽቶ ማሽተት፥ የአቧራ ጭንብል ማድረግ፥ ብርታት እንዲሰጥ ብሎ አረቄ መጠጣት ለዚህ ነገር ምንም አይረቡም።

የሚወርደው ሰው ደረቱንና ጭኑን የሚይዝ ቀበቶ አድርጎ፥ ቀበቶው በገመድ ከላይ መታሰር አለበት። ገመዱ ከመውረዱ በፊት እንጂ ከወደቀ በኋላ አይታሰርም። አንድ ሰው በእጁ ብቻ ራሱን የሳተ ባልንጀራውን ከስድስት ሜትር ጉድጓድ ጎትቶ ለማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ በአፉ ላይ ሦስት እግር ያለው ማቆሚያ ተተክሎ ገመዱ በመዘውር ይለፍ። ከላይ የሚጠብቁት ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ ሥራቸውም ማየትና ማነጋገር ብቻ ነው፥ ውሃ ለመጠጣትም ቢሆን ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይነሡ። ከታች ያለው መልስ ካዘገየ ወይም ንግግሩ እንደ ሰካራም ከተኰላተፈ፥ «ደኅና ነኝ» ቢል እንኳ ሳይከራከሩት ይጎተታል።

ገመድ ሳይኖረው የወደቀ ሰው ካለ፥ ማንም ሳይገባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ይጠሩ፤ እነርሱ አየር ከጀርባቸው ተሸክመው ይገባሉ። እስኪደርሱ ድረስ የሚገኘው ማራገቢያ ሁሉ አየር ይንፋ፤ ሰውየው ነፍሱን ካላጣ ገመድ ይወርወርለት። ከወጣ በኋላ ንጹሕ አየር ወዳለበት ይወሰድ፤ የረጠበና የቆሸሸ ልብሱ ይውለቅ፥ ልብሱም ጋዝ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል ፊትን አስጠግቶ አይያዝ። የማይተነፍስ ከሆነ ሥልጠና ያለው ሰው ሳይዘገይ ደረቱን በመጫን ትንፋሽና የልብ ምት ለመመለስ ይጀምር። በካርቦን ሞኖክሳይድ ለተመረዘ ሰው ኦክሲጅን ዋናው መድኃኒት ነው፤ በተራ አየር ሲተነፍስ የጋዙ ግማሽ ከደሙ ለመውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ሲፈጅበት፥ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ነፍሱን አውቆ በእግሩ የቆመም ቢሆን ወደ ቤቱ አይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ በሳንባው ውስጥ ውሃ ሊቋጥር ይችላልና ሐኪም ቤት ይደር። ከጉድጓዱ የወጣውን ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሰው ጉድጓዱ የምን እንደ ነበረ፥ ምን ያህል ጊዜ ከታች እንደ ቆየ፥ አሲድ ፈስሶበት ወይም ሞተር ሲሠራ ቆይቶ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ሰዉ ሁሉ ሐኪም ቤት ሲሄድ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር፥ አንድ ሰው ቀርቶ አፉን ይክደነው።